በተዘጋ በር የተሠራ ዳንቴል

በ፲፱፻፶፮ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ ነው። ዝናቡ በነሐሴ አጋማሽ እንደጠፋ አልተመለሰም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ እያነሣ ፊት ላይ ይበትናል።

ሰው ሥራ ሲበዛበት ያማርራል። እውነተኛውን ምሬት የሚያውቀው ግን በሥራ ወቅት ሥራ ያጣ ገበሬ ነው። ነጋዴ ገበያ ቢቀዘቅዝበት ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ዝንብ ያባርራል፤ ዝንብ ማባረርም ሥራ ነው። ገበሬ በጥቅምት ማሽላው ከደረቀበት ምን ያባርራል? ወፍ እንኳ ፍሬ የሌለው አገዳ ላይ አታርፍም። ከድሬዳዋ ወጣ ብላ በዋሂል መንገድ ያለችው ማሳዬ ያን ዓመት ለወፍም የማትበቃ ሆነች። አገዳውን ለከብቶቼ አጨድኩና ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ።

መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። አባቴ ማረስ አስተማረኝ፤ የኔታ ሁለት ክረምት ፊደል አስቆጠሩኝ፤ መቀመጥን ግን ማንም አላስተማረኝም። ማውራትም እንደዚሁ። በሰፈራችን የምታወቀው በዝምታዬ ነው። ደምሴ ሰላምታ ሲመልስ ከጎተራው ቆንጥሮ እንደሚሰጥ ሰው ነው ይሉኛል። አሁን እንዲህ ሳወራችሁ የሚያውቀኝ ቢሰማ ታሟል ይላል። ዝምተኛ ሰው ያላወራው ሁሉ ተጠራቅሞ ይቆየዋል መሰለኝ፤ ወረቀት ሲያገኝ ግድቡ ይፈርሳል።

ለማንኛውም፣ ነገሩ የዳንቴል ነገር ነው። የሚስቅ ይሳቅ። እኔ ያን ጊዜ አልሳቅኩም።

ባለቤቴ አስካለ በሰፈራችን የታወቀች ዳንቴል ሠሪ ነበረች። ኪሮሽ የምትባለውን፣ ጫፏ ቆልመም ያለ መርፌ ከያዘች፣ ከነጭ ክር የመዳፍ ያህል ክብ አበባ ታወጣለች። አበቦቹ ሲጋጠሙ የአልጋ ልብስ ይሆናሉ። ልጃችን ትርንጎ ለጥር ልትዳር ታጭታለችና ይዛው የምትሄደውን የአልጋ ልብስ እናቷ ቀደም ብላ ጀምራላት ነበር። ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ምነው ስላት ክር አለቀብኝ አለችኝ። ክሩ ቅርጫቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቅርጫቱ እግሯ ሥር ነው። ያኔ ገባኝ።

የዓይን ሞራ ነበር። ልጅቱ ሳታውቅ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ ዓይኗን በመብራት አየና ገና አልበሰለም፣ ሲበስል ይገፈፋል፣ እሱም እዚህ ሳይሆን አዲስ አበባ ነው አለን። ስለ መብሰል መቼም እኔ አውቃለሁ። ማሽላ ሲበስል ሰው ደስ ይለዋል። ሰው እስኪታወር ድረስ የሚጠበቅ አዝመራ እንዳለ ግን ያን ቀን ሰማሁ። አዲስ አበባ ደግሞ የምናርፍበት ዘመድ የለንም። ተመለስን።

መንገድ ላይ አስካለ ክንዴን ይዛ ቆመችና በቁልቢው ገብርኤል አስማለችኝ። ትርንጎ እስክትዳር ይህን ነገር እንዳታውቅ። ካወቀች አትሄድም አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ አትሄድም። ባለፈው ዓመት እናቷን ወባ ጥሏት ሳለ አንድ ደህና ሰው ሽማግሌ ቢልክባት፣ እናቴ ሳትነሣ የሠርግ ወሬ አልሰማም ብላ መለሰችው። እናቷ በወሩ ተነሣች፤ ሰውዬውም በወሩ ሌላ አገባ። አሁን የመጣው ግርማ የሚባል የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ሥራው አዲስ አበባ ተዛውሯል። ልጅቱም ወዳዋለች፤ ስሙ ሲነሣ ማጀት የምትገባው ለዚህ ነው። ዕድሜዋም እየሄደ ነው። ይህ ካመለጣት ሌላ የሚመጣ አይመስለንም ነበር።

እንዴት ሳታውቅ ቀረች ትሉ ይሆናል። ትርንጎ ጥጥ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ሳይነጋ ትወጣለች፣ ሲመሽ ትገባለች። እናቷን የምታያት በፋኖስ ነው፤ በፋኖስ ደግሞ ሁላችንም ግማሽ ዕውር ነን። አስካለ ቤቷን በእጇ ታውቀዋለች። ጨው ከምድጃው በስተቀኝ፣ ስኳር ከሣጥኑ ላይ፣ ውሃው ከበሩ ጀርባ። እኔ ባለ ዓይኑ የማጣውን ዕቃ እሷ ሳትነሣ ታቀብለኛለች።

የማይደበቀው ዳንቴሉ ነበር። የሙሽራው ወገኖች ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ናቸው፤ በነሱ ዘንድ አንድ ደንብ አለ። ከሠርግ በፊት የወንዱ ወገን ሴቶች መጥተው ሙሽሪት ይዛው የምትገባውን ዳንቴል አስዘርግተው ያያሉ። የእናቲቱን እጅ ያየ የልጂቱን ቤት አየ ይላሉ። በኛ በገበሬዎቹ ቢሆን ጎተራ ነበር የሚታየው። ደግነቱ ጎተራዬን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ያን ዓመት ከጎተራ ይልቅ ዳንቴል ማሳየት ይሻለኝ ነበር።

ሌላ ሴት ትጨርሰው አልኳት። በዚህ ሰፈር ለአንዲት ሴት የተነገረ ነገር ውሃ ቅጂዎች ሁሉ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው አለችኝ። ታዲያ ማን ሊጨርሰው ነው አልኳት። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ ትንሽ ስታኛለች፣ ከትከሻዬ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው የምታየው። እርስዎ ይጨርሱታል አለችኝ።

በአንቱ ነው የምትጠራኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንቱ ስታዘኝ፣ ሲያስፈልግም በአንቱ ስትሰድበኝ ኖራለች።

እንግዲህ እኔ፣ የበሬ ጅማት በጥርሴ የምበጥስ ሰው፣ ትርንጎ ፋብሪካ ስትሄድ መስኮቱን ዘግቼ፣ በሩን ቀርቅሬ፣ ኪሮሽ ይዤ ተቀመጥኩ። በር ክፍት ቢሆን ጎረቤት ዘው ይላል፤ በኛ ሰፈር ማንኳኳት እንደ ስድብ ነው የሚቆጠረው። ብርሃን የሚገባው ቆርቆሮው ላይ ባሉት የምስማር ቀዳዳዎች ብቻ ነበር። አስተማሪዬ ጨለማውን አልፈራችውም፤ ለምዳዋለች።

መጀመሪያ የሠራሁት አበባ አበባ አልነበረም። ክሩን እንደ ጠፍር አጠበቅኩት። ገመድ ስትገምድ ካላጠበቅከው ጭነቱ መንገድ ላይ ይወድቃል፤ እጄ የሚያውቀው ይህን ነው። አስካለ የጨረስኩትን ተቀብላ ዳሰሰችው። ሣጥኑ ላይ መታ መታ አደረገችው፤ ኳ ኳ አለ። ይሄን የሠሩት ለሙሽራ ነው ለግመል? አለችኝ። ትንሽ አሰበችና ግመልም ቢሆን ጀርባው ይላጣል አለች። ፈታችውና ከመጀመሪያ አስጀመረችኝ። እጅዎን ያላሉት እንጂ፣ ክሩ ጥሎዎት የት ይሄዳል? አለችኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ላላ በል ያለኝ ፍጡር የለም። በሬውም፣ ድርቁም፣ ጭቃ ሹሙም ጠበቅ በል ነው የሚሉኝ። ማላላት ከማጥበቅ ይልቅ ጉልበት እንደሚፈጅ ማን ያውቃል? የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማታ ማታ ትከሻዬን ሲያመኝ፣ ትርንጎ አባዬ ዛሬ ምን ሲሠሩ ዋሉ ትለኛለች። ምንም እላታለሁ። እውነት ይመስላል፤ ማሽላ የለ፣ ምን እሠራለሁ?

ከዚያ በኋላ ግን፣ አልደብቃችሁም፣ ጣመኝ።

ኪሮሹ ይገባል፣ ክሩን ይጠልፋል፣ ይወጣል። ይገባል፣ ይጠልፋል፣ ይወጣል። እርሻ እንዲህ አይደለም። የዘራኸው ዝናብ ይፈልጋል፣ ዝናቡ ደመና ይፈልጋል፣ ደመናው የፈጣሪን ፈቃድ ይፈልጋል፤ አንተ ከሦስቱም በታች ቆመህ ትጠብቃለህ። ዳንቴል ግን እዚያው እጅህ ላይ ይበቅላል። አንበጣ አይወርደውም። ከተሳሳትክ ትፈታዋለህ፤ የተሳሳትከው ነገር ተመልሶ ክር ይሆናል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ምን አለ? ውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ እኛ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀምጠን እሷ ትቆጥራለች፣ እኔ እጠልፋለሁ። በኑሮአችን ያላወራነውን ያን ጊዜ አወራን። ማለቴ እሷ አወራች፣ እኔ ሰማሁ፤ ድሮ ግን አልሰማም ነበር። የዚያን ዓመት ጥቅምትን እንደወደድኩት የወደድኩት ወቅት የለም፤ እንደዚያ ያዘንኩበትም የለም።

አንድ ቀን መቁጠሯን አቋረጠችና ትርንጎ ከስታለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የገዛ ልጇን ፊት ከእኔ ነው የምትጠይቀው። አልከሳችም አልኳት። ከስታ ነበር።

አሁን ስለ በሩ ልንገራችሁ። በአዝመራ ወር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባልና ሚስት በየቀኑ በር ዘግተው ሲውሉ ጎረቤት ምን ይላል? ዳንቴል እየሠሩ ነው ይላል እንዴ?

አብዲ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ግመል ነጂ ነው፤ ኦሮሞኛውን፣ ሶማሊኛውን፣ አማርኛውን ባንድ ግመል ላይ ጭኖ የሚነዳ ሰው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሬን ከፍቼ ወገቤን ይዤ ብቅ ስል፣ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ጥላው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ወሪያ ደምሴ፣ አለኝ አብዲ፣ ወገብህን አመመህ እንዴ? ትንሽ አልኩት። አቦ፣ ማሽላው ቢደርቅ አንተ አልደረቅክም አለኝ። ጥላው በሙሉ ሳቀ።

ምን ልበል? ብክድ ታዲያ ምን ትሠራላችሁ ሊሉኝ ነው። ኪሮሽ እሠራለሁ ከማለት የጠረጠሩኝን መሸከም ይቀለኛል። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ኩራት ቆጠሩልኝ። በዚያ ሰሞን በወንዶቹ ዘንድ ያገኘሁትን ክብር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላገኘሁትም። ሰላምታው ሁሉ ከወገብ ዝቅ እየተባለ ሆነ። አንዱማ፣ ሽበታሙ ሰው፣ ለብቻዬ ወስዶ ቁርስ የምበላው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቂጣ አልኩት። አላመነኝም፤ ደበቅክብኝ ብሎ እስካሁን ቅር እንዳለው ነው።

ነገሩን ያበላሸው እጄ ነው። ጥቅምት ወደ ኅዳር ሲጠጋ ነፋሱ ደረቀ፤ እጄ ድሮም የተሰነጠቀ ነው፣ ያን ጊዜ የበጋ መሬት ሆነ። ክሩ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ይያዛል፤ ስስበው ይበጠሳል። አስካለ ስትሰማው ቆየችና እጅዎን አንድ ነገር ይቀቡት አለችኝ።

ገበሬ ደረቅ ነገር ሲያይ ምን እንደሚቀባ ያውቃል። ጅራፍ ሲደርቅ ቅቤ ነው፤ ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ ነው፤ ቀንበሩ የበሬውን አንገት ሲልጠው ቅቤ ነው። እሷ ለጠጉሯ ካስቀመጠችው ዕቃ ውስጥ ጨለፍ አደረግኩና ሁለት እጄን እስከ አንጓዬ አሸሁት። ከዚያ በኋላማ ኪሮሹ እንደ እባብ ይንሸራተት ጀመር። የአንድ ቀኑን ሥራ በግማሽ ቀን ጨረስኩ። እንዲህ የሚፈጥንን ሰው ምን ነካው አትልም? አላለችም፤ ደስ አላት። ሽታው እንዴት አመለጣት ብትሉ፣ ቅቤው ራሷ ላይ ነው፣ ወጣችን ውስጥ ነው፤ ቤታችን ሌላ ሽታ ኖሮት አያውቅም። እኔም በዚያ ጨለማ ቀለም አላይም። ብርሃን ቢኖርም እንጃ፤ ገበሬ የሚያውቀው ቀለም የበሰለና ያልበሰለ ነው።

በየቀኑ ጠዋት እቀባለሁ፣ እሠራለሁ፤ የጨረስኩትን አበባ ሣጥኑ ውስጥ እከታለሁ። በመጨረሻም እሷ በጣቷ እየመራችኝ አበቦቹን አጋጠምናቸው። ትርንጎ አንድ ሁለቴ አሳዩኝ ብትል፣ ሙሽራ ቀድማ ያየችው ዳንቴል አይበረክትም ብላ እናቷ መለሰቻት። እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ያን ቀን ፈጠረችው። የድሬዳዋ ሙቀት ሣጥን ውስጥ ላለ ቅቤ ምን እንደሚያደርግ ግን የሚነግረን አልነበረም።

ሴቶቹ የመጡት በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ብርቄና ሁለት እህቶቿ። ወይዘሮ ብርቄ ደልደል ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ዓይኗ ምንም የማያመልጠው ሴት ናት። ትርንጎ ከፋብሪካው አስፈቅዳ ቀርታ ሻይ ታቀርባለች። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። አስካለ ነጭ ለብሳ፣ ተኳኩላ፣ እንደዚያ ቀን አምራ አይቻት አላውቅም። ሰው ወዳለበት ሳይሆን ድምፅ ወደመጣበት እየዞረች ታወራለች፤ ላላወቀ ሰው ጨዋነት ይመስላል።

ከዚያ ተነሣች። ላዩ ያለውን ስኳር ወደ ጎን አኑራ ሣጥኑን ከፈተች፤ የአልጋ ልብሱን አውጥታ በክንዷ እንዳቀፈች ክዳኑን ዘጋች፤ ስኳሩንም ወደ ቦታው መለሰች። በር ከፍቼላታለሁ፤ የቀትር ብርሃን ሞልቶ ገብቷል። አልጋው ላይ አንዴ አራግፋ ዘረጋችውና ዳር ዳሩን በእጇ አስተካከለች። ይኸውላችሁ አለች፣ እንደ ወተት የነጣ ነው። አንዲት ጉድፍ ብታገኙበት ለእኔ ንገሩኝ።

ግማሹ ነጭ ነበር። የሷ ግማሽ። የኔ ግማሽ ግን ቢጫ ነበር፤ ያውም አንድ ዓይነት ቢጫ አይደለም። መጀመሪያ የሠራሁት ስሱ፣ የኋለኛው የድልህ ማሰሮ ክዳን የመሰለ። አንዳንዱ አበባ ላይ የአውራ ጣቴ ምልክት እንደ ጭቃ ሹም ማኅተም ጉልህ ሆኖ ይታያል። ነጩና ቢጫው ያለ ምንም ሥርዓት ተቀላቅሏል፤ ያጋጠመው እጅ ማየት የማይችል እጅና ማየት የማያውቅ እጅ ነውና።

አስካለ ፈገግ ብላ ምስጋናውን ትጠብቃለች። ዝምታው ሲረዝምባት ፈገግታዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ አልወረደም ግን።

ወይዘሮ ብርቄ ጫፉን አንሥታ ዳሰሰችው። ጣቷን አሸት አሸት አደረገች። ወተት ከሆነ ቅቤ መውጣቱ የት ይቀራል አለች፤ ቀስ ብላ። እህቶቿ አልሳቁም።

እኔ ትርንጎን ነበር የማያት። የሻዩን ትሪ እንደያዘች ቆማለች። የአልጋ ልብሱን አንዴ አይታ ተወችው፤ እናቷን ነው የምታየው። ከዚያ ስኳሩን ከሣጥኑ ላይ አነሣችና ዝም ብላ መደቡ ላይ፣ እናቷ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። እማዬ፣ አለች፣ ስኳሩን ታቀብይኛለሽ?

አስካለ እጇን ወደ ሣጥኑ ዘረጋች። ስኳሩ ሁልጊዜ ወደሚቀመጥበት። እጇ ባዶውን እንጨት ዳሰሰ፤ ትንሽ ወደ ግራ ሄደ፤ ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደ።

ልጄን ያን ጊዜ ጠላኋት። ወዲያው ደግሞ ሻዩ ትሪው ላይ ሲፈስባት አየሁና መጥላቱን አልቻልኩም። ወይዘሮ ብርቄ ነች የገላገለችን። ጎንበስ ብላ ስኳሩን ከመደቡ አንሥታ አስካለ እጅ ሥር አስገባችው። ይኸው አገኘሽው አለቻት፤ ስለ ፋብሪካውና ስለ ሙቀቱ አንሥታ ታወራ ጀመር። ሲሄዱም የአልጋ ልብሱን ራሷ አጣጥፋ፣ ቢጫው የበዛበትን ወደ ውስጥ አድርጋ፣ ሣጥኑ ውስጥ አስገባችው።

እንግዶቹ ከበራችን እንደወጡ ትርንጎ አልሄድም አለች።

አልጮኸችም። እሷም የኔ ልጅ ናት፤ ቃል አታበዛም። እናቴን በጨለማ ጥዬ አልሄድም፣ አለቀ አለች። ለግርማ ሰው እልካለሁ አለች። ወደ እኔ ዞራ፣ አባዬ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር አለችኝ። መሐላ ነበረብኝ ልላት አሰብኩ፤ ለልጅ መሐላ ምን ይነገራል? አስካለ ደግሞ መደቡ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ በማግስቱም እህል አልቀመሰችም። አስተውሉ እንግዲህ፦ ያን ሁሉ ጊዜ በር የዘጋነው፣ የሰፈር መሳቂያ የሆንኩት፣ እጄን የቀባሁት ልጅቱ እንድትሄድ ነበር። እንዳትሄድ ያደረጋትም ያው ሥራችን ሆነ። ባንሠራው ኖሮ ክር ጠፋ ብለን እናመልጥ ነበር። ሥራ ሁልጊዜ አይረዳም፤ ይህንን ለልጆች አይነግሯቸውም።

ማሳው ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። የሚታረስም የሚታጨድም የለም፤ ግን ሰው ሲያስብ የለመደው መሬት ላይ ቢሆን ይሻላል። ልጅቱ ያለ እናቷ አትሄድም። እናቲቱ ልጅቱ ካልሄደች አትበላም። ሐኪሙ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ግርማ የሚኖረውም አዲስ አበባ ነው። ነገሩ እንደ ቀን የበራ ነበር፤ ዓይን ያላቸው ሰዎች ያላዩት ግን ደንቡ ስለጋረዳቸው ነው። አማት አማቿ ቤት ገብታ ትቀመጣለች? በኛ ዘንድ ከዚህ የባሰ ነውር የለም። እኔስ አብሬ ልሂድ? ከብቶቹን ማን ይጠብቃል፤ ባለቤቱ የጠፋ መሬትስ ሌላ ባለቤት ለማግኘት ስንት ቀን ይፈጅበታል?

ቤት ገባሁና ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ አልኩ።

አስካለ ከተኛችበት ተነሣች። አንቱ አብደዋል? አለችኝ። አማት ባማች ቤት? ሰው ምን ይላል? ሰው ስለኛ ያላለው ምን ቀረ አልኳት። የጎረቤት ወሬ እሷም ሰምታ ኖሯል፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እስካሁን አላወቅሁም።

ከዚያ ከዚራ ወረድኩ። የወንድ ወገን ሽማግሌ ይዞ የሴት አባት ቤት ይለምናል፤ ደንቡ ይህ ነው። የሴት አባት ብቻውን፣ ራሱን ሽማግሌ አድርጎ፣ ሚስቱን ተቀበሉኝ ብሎ የወንድ እናት ደጅ ሲቆም እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም። ወይዘሮ ብርቄ ሰማችኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም፤ ጨርሼ ላቤን ጠረግኩ። እኛ የጠየቅነው ሙሽሪትን ነበር እንጂ እናቷን መች ጠየቅን? አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ነገር ግን፣ አለች፣ ባንድ ጥሎሽ ሁለት ሙሽራ ከመጣልን ምን ከፋን? ጥሎሽ ጨምሩ እንዳትሉን ብቻ።

ስወጣ ከኋላዬ ጠራችኝ። ያን ቢጫውን ማን ሠራው አለችኝ። እጄን ከኋላዬ ልሸሽግ ሞከርኩ። እጄን አየችና በሩን ዘጋች።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ፤ ትንሽ ሠርግ ነበር። በሠርጉ ማግስት ጠዋት ጣቢያ ሸኘኋቸው። ትርንጎ የአልጋ ልብሱን ይዛ ነው የሄደችው። ሳሙናም እንዶድም አላስለቀቀውም፤ እኔ ተዪው ብላት አይሆንም አለች። አስካለ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። እጇን አወጣችና እጄን ፈልጋ ያዘች፤ ስንጥቁን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ታጥበው ይሥሩ አለችኝ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በእኔ ትይዩ ሳይሆን ከእኔ አለፍ ብሎ ወደቆመ አንድ ተሸካሚ እጇን አውለበለበች። ሰውዬውም ግራ ገብቶት መለሰላት። ደግ ሰው ነው።

አብዲ ሻንጣ ሊሸከምልኝ አብሮኝ መጥቶ ነበር። ባቡሩ እስኪጠፋ ዝም አለ፤ ለሱ ብዙ ነው። ከዚያ አቦ ደምሴ አለኝ፣ ልጁን የዳረ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሚስቱን አብሮ የዳረ ግን ወላሂ አንተን ብቻ። ደግሞም ገና ሙሽራ መስላችሁ ሳለ አለኝ። ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወደ ግመሎቹ ሄደ።

ብቻዬን ቀረሁ። የቤቴን መንገድ ጀመርኩና ተውኩት፤ ምን ልሠራ እገባለሁ ብዬ። ወዲያው ወሰንኩ። ደረቁን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ፣ ገበያው ሰፈር ገባሁ፤ ክር የሚሸጥበት ሱቅ ፈልጌ ነጭ የዳንቴል ክር አምጣ አልኩት። ባለ ሱቁ ሽማግሌ ነው፤ በካርቶን ቁራጭ ፊቱን እያራገበ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ላብ በሽርጡ ጫፍ ይጠርጋል። ለእመቤቲቱ ነው? አለኝ። አይደለም አልኩት። ለልጅ ነው? አይደለም። ታዲያ ለማን ነው አለኝ። ለእኔ ነው፣ የአልጋ ልብስ ልሠራ ነው አልኩት።

ማራገቡን አቁሞ አየኝ። በዚህ ሙቀት የአልጋ ልብስ? አለኝ። ብርድ ገብቷል አልኩት። ወሪያ፣ ድሬዳዋ ላይ ምን ብርድ አለ? መቼ ነው የገባው? አለኝ።

ዛሬ ጠዋት አልኩት፤ ክሩን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።